ያልተሰማ ሰላምታ

የባለወፍጮው ልጅ ዩኒቨርሲቲ ከገባች ገና ሦስት ሳምንቷ ነው። አብረዋት የሚኖሩት ልጆች እንደሚያሟት ግን ከወዲሁ እርግጠኛ ሆናለች።

ዶርሙ ውስጥ አራት ሆነው ነው የሚኖሩት። ከእሷ አልጋ በላይ የምትተኛዋ ከሳቋ ብዛት «ሳቂታ» የሚል ስም የወጣላት ልጅ ናት። ፊት ለፊት ያሉት ሁለቱ ከአንድ ሰፈር የመጡ አብሮ አደጎች ናቸው። ሦስቱ በመጡ ማግስት ተላምደው፣ ሳሙና ሲዋዋሱ፣ አንዷ የሌላዋን ፀጉር ስትሠራ፣ የባለወፍጮው ልጅ አልጋዋ ጫፍ ላይ ኩርምት ብላ በዓይኗ ትከታተላቸዋለች። ሳቂታ አፏን በእጇ ከልላ የሆነ ነገር ትላለች፤ ሁለቱ በሳቅ ይፈርሳሉ። በማን ነው የሚሳቀው? ክፍሉ ውስጥ ሌላ ማን አለ?

ለአክስቷ ደወለች።

«ስትገቢ ዝም ይላሉ?» አለች አክስቷ፣ እንደ ልማዷ በስልኩ ውስጥ እየጮኸች።

«ያንሾካሹካሉ።»

«በቃ፣ ስላንቺ ነዋ! የኔ ልጅ፣ ያለሽው ከማታውቂው ሰው መሀል ነው። ምንም አትንገሪያቸው፣ ምንም አትጠይቂያቸው። ሎከርሽን ቆልፈሽ ትምህርትሽን ብቻ ተማሪ።»

ምክሩ ልቧ ውስጥ ገባ። ሎከሯ ላይ ሁለተኛ ቁልፍ ጨመረች። ካፌ ውስጥ ግድግዳ ተደግፋ፣ በሩን እያየች ብቻዋን መብላት ጀመረች። መማሪያ ክፍል ደግሞ ከኋላዋ ሰው እንዳይኖር ብላ የመጨረሻው ረድፍ ላይ ተቀመጠች። እዚያ ሆና የመምህራኑ ድምፅ ይደርሳታል፤ ቃሉ ግን አይለይላትም። እሱንም በአዳራሹ ስፋት አመካኘች።

የመጀመሪያው የኬሚስትሪ ፈተና ሐሙስ ከሰዓት ስምንት ሰዓት ላይ ነው ተብሎ ነበር። ሐሙስ ጠዋት ሦስቱ ልጆች ተጣድፈው ሲወጡ አየቻቸው። «ደግሞ የት ሊሆን ነው?» ብላ ጠረጠረች እንጂ አልጠየቀችም። ስምንት ሰዓት ሊሆን ሲል አዳራሹ ስትደርስ በሩ ተዘግቷል።

«የኬሚስትሪ ፈተና?» አላት ጥበቃው። «ጠዋት እኮ ተፈትነው ወጡ።»

ወደ ዶርም ስትመለስ ድንጋጤዋ ወደ ንዴት ተለውጦ ነበር።

«ሆን ብላችሁ ነው!» ብላ ጮኸች። «እንድወድቅ ፈልጋችሁ ሰዓቱ መለወጡን ደበቃችሁኝ!»

ሳቂታ ከአልጋዋ ወረደች። «ትናንት ልብስ ስታጥቢ ከኋላሽ ቆሜ ነግሬሻለሁ! ዞር ብለሽ እንኳ አላየሽኝም።»

«ውሸታም!»

በዚያው ቀን ለኬሚስትሪ መምህርቷ አንድ ገጽ ሙሉ ጽፋ አስገባች። «በተንኮልና በምቀኝነት» የሚል ቃልም ነበረበት።

መምህርቷ በዕድሜ ገፋ ያሉ፣ ድምፃቸው ለስለስ ያለ ሴት ናቸው። በማግስቱ አራቱንም ቢሯቸው ጠሩ። ክሱ እውነት ከሆነ ሳቂታ ልትታገድ ትችላለች፤ ልጅቷ ስታለቅስ ውላ ዓይኗ አብጧል። መምህርቷ ከመደርደሪያው ፋይል ለማውጣት ዞር እንዳሉ፣ «የሰዓቱን ለውጥ ክፍል ውስጥ ስናገር አልነበርሽም እንዴ?» ብለው ጠየቁ።

የባለወፍጮው ልጅ ዝም አለች።

«ይኸው፣ እኛንም እንዲህ ነው የምታደርገን» አለች ከአብሮ አደጎቹ አንዷ። «ሰላም ስንላት ዘግታን ነው የምታልፈው።»

መምህርቷ የባለወፍጮውን ልጅ አተኩረው አዩዋት። ከዚያ ፋይሉን አፋቸው ላይ አስጠግተው በዚያው ድምፅ «ስምሽን ንገሪኝ» አሏት። እሷ የሚያነቡ መስሏት ጠበቀች።

ፋይሉን አስቀምጠው ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። «ያደግሽው የት ነው?»

«አባቴ ወፍጮ ቤት። ከሕፃንነቴ ጀምሮ እዚያው ነኝ።»

«እዚያ እንዴት ነው የምትነጋገሩት?»

«እየጮኽን ነዋ። ሞተሩ መች ያሰማል?»

«ቤትስ ስትገቡ?»

መልስ ልትሰጥ ስትል ትዝ አላት። ቤትም ይጮሃሉ። እዚህ እስክትመጣ ድረስ፣ ሳይጮህ የሚያወራት ሰው የነበረ አይመስላትም።

መምህርቷ በላኳት የግቢው ክሊኒክ ውስጥ የጆሮ ባለሙያው ጆሮዋ ላይ ማዳመጫ አድርጎ፣ ድምፅ በሰማች ቁጥር እጇን እንድታነሣ ነገራት። እጇ ለረጅም ጊዜ ጭኗ ላይ ተቀመጠ። «የወፍጮው ጩኸት ጆሮሽን ጎድቶታል» አላት በመጨረሻ። «ድምፅ ትሰሚያለሽ፤ ዝግ ብሎ የሚናገር ሰው ቃሉ ግን ፊቱን ካላየሽ አይለይልሽም።»

ወደ ዶርም ተመለሰች። ሳቂታ ፊት ቆመች።

«ይቅርታ አድርጊልኝ። አልሰማሁሽም ነበር። አለመስማቴን እኔም አላወቅኩም።»

«እሺ፣ አልሰማሽም» አለች ሳቂታ። «ግን ያልሰማሽውን ከራስሽ ሞልተሽ ጻፍሽው። ተንኮለኛ ነች አልሽኝ። እናቴ ደውላ ምን ሆንሽ ስትለኝ ምን ልበላት?»

«አፍሽን ስትሸፍኚ የምትስቂው በእኔ መስሎኝ ነው።»

ሳቂታ ከንፈሯን ገልጣ የተሸረፈውን የፊት ጥርሷን አሳየቻት። «የምሸፍነው ይሄን ነው።»

ከአብሮ አደጎቹ አንዷ፣ «እኛስ?» አለች። «ሦስት ሳምንት ኩራተኛ እያልን አማናት። አንድ ቀን ፊቷ ቆመን ምን ሆነሻል አላልናትም።»

ሳቂታ የዚያን ዕለት አልታረቀችም። የባለወፍጮው ልጅ ክሱን አነሣች፤ ፈተናውንም የሐኪም ወረቀት አቅርባ ተፈተነች። መማሪያ ክፍል ውስጥ ወደ ፊተኛው ረድፍ መጣች። በሁለተኛው ሳምንት ሳቂታ ልታናግራት ስትል ትከሻዋን መታ ማድረግ ጀመረች፤ ከዚያ ወዲህ አራቱም አብረው ይበሉ ጀመር።

አንድ ቀን ካፌ ውስጥ የጎረቤት ዶርም ልጅ የሳቂታን ሰላምታ ሳትመልስ አለፈች።

«አየሽልኝ ንቀቷን?» አለች ሳቂታ።

የባለወፍጮው ልጅ ትሪዋን አስቀምጣ ተነሣች። ብቻዋን ወደተቀመጠችው ልጅ ሄዳ ፊት ለፊቷ ቆመች። «ሰላም ስንልሽ አልመለስሽም። ደህና ነሽ?»

ልጅቷ ቀና ስትል ዓይኗ እንባ አቅርሯል። እናቷ ሆስፒታል መግባቷን ጠዋት ነው የሰማችው። እስካሁን ደህና ነሽ ወይ ያላት ሰው አልነበረም። የባለወፍጮው ልጅ ወንበር ስባ አጠገቧ ተቀመጠች፤ ሳቂታና አብሮ አደጎቹም ትሪያቸውን ይዘው ተከተሏት።

እናንተም ሰላምታችሁን ሳይመልስ ያለፈ ሰው ቢገጥማችሁ፣ ምክንያቱን በልባችሁ አትጻፉለት። እሱ የሚያውቀውን፣ ወይም ጭራሽ ያላወቀውን ነገር እናንተ ከየት ታውቃላችሁ? ሁለት እርምጃ ተራመዱና ፊቱ ቆማችሁ ጠይቁት።