ከጥሩሩ በታች

ሃልካ ትሜክን ያወቀችው ባለፈው ዓመት ማልቦርክ ግንብ ሥር፣ የጥንቱን ጦርነት በትርኢት የሚያሳዩ ሰዎች በሚሰበሰቡበት ሰሞን ነው። እሷ የጥንት ልብስ ትሰፋለች፤ እሱ ከግዳንስክ የሚመጣ አናጺ ነው። የተቀደደ እጅጌውን ይዞ ድንኳኗ ደጃፍ ቆመ። ሰፍታ እስክትጨርስ ዓይኑ ከጣቶቿ አልተነቀለም።

የበረዶውን ወራት ሲጻጻፉ ከረሙ። ለፍልሚያ ከሚያጠልቀው፣ በብረት ቀለበቶች ከተሠራው ጥሩር በታች የሚለበስ፣ ጥጥ የተጠቀጠቀበት ወፍራም እጀ ጠባብ ሰፍታ ላከችለት።

ሐምሌ ላይ ሲገናኙ ግን በጥሩሩ አንገት ሥር ብቅ ያለው ሌላ የነተበ ጨርቅ ነበር። ሃልካ እንዳላየች ሆና ፊቷን አዞረች።

ቀትር ላይ ፍልሚያው ሲያበቃ ትሜክ ፊቱ ፍም መስሎ መጣ።

«ጥሩሩን ታወልቂልኛለሽ? ብቻዬን አልችለውም።»

«የለበስከውን የሰፋችልህን ጥራት።»

«ይሄን? ከጓደኛዬ ከሌሼክ የተዋስኩት ነው። ሽታውን አትጠይቂኝ።»

አልሳቀችም። «የኔስ ጠበበህ?»

ትሜክ አቀረቀረ። «ልክክ ብሎኛል። ግን ነጭ ነው፤ የብረቱ ዘይትና ዝገት አንዴ ከነካው አይለቅም። ሳስቼለት በጨርቅ ጠቅልዬ ሻንጣዬ ውስጥ አስቀመጥኩት።»

«ሁለት ወር ጣቴን የወጋሁት ለሻንጣህ ነው? ምቱን እንዲያበርድልህ ነው እኮ የሰፋሁት። ፍልሚያው ውስጥ ስትገባ እኔ ቆሜ የማይ መሰለህ? መሬት መሬት ነው የማየው።»

ድምጿ ተሰበረ።

በማግስቱ የሷን ለብሶ ገባ። ሲመለስ ሳይጠራት መጣች።

«ጎንበስ በል። እጅህን ወደ ፊት ዘርጋ።»

ጎተተች። አሥራ ሁለት ኪሎው ብረት እየተንሿሿ ተንሸራተተና ጭንቅላቱን እንደሸፈነ ቆመ። ነጩ እጀ ጠባብ ደረቱ ላይ ጠቋቁሯል።

«ሃልካ» አለ ከውስጥ።

«ፀጉርህን ያዘው?»

«አይደለም። ፊትሽን እያየሁ መናገር አቅቶኝ ነው። ታገቢኛለሽ?»

እጆቿ ባሉበት ቀሩ። ሌሼክ ከጎን ድንኳን «ምን አለሽ? አልሰማሁም» አለ።

«መጀመሪያ ውጣ» አለችው ትሜክን።

«መልስሽን ሳልሰማ አልወጣም። እዚሁ እበስላለሁ።»

ሣሩ ላይ ተንበረከከችና ከታች ወደ ብረቱ ጨለማ አንገቷን አሰገገች። ዓይኖቹን አገኘቻቸው።

«እሺ» አለች በሹክሹክታ።

ሲወጣ ግንባሩ ላይ የጥሩሩ ቀለበቶች ምልክት ታትሞ ነበር። ሃልካ በመዳፏ አሻሸችለት፤ ምልክቱ ከጠፋ በኋላም እጇን አላነሳችም።