የዳገት መልስ ቁርስ

«አባዬ፣ እንረፍ?»

አባቷ እጆቹን ጉልበቶቹ ላይ አስደግፎ፣ አፉን ከፍቶ፣ እንደ ወናፍ ይተነፍሳል። ገሊላም ብትሆን የምትኮራበት ነገር አልነበራትም። ጎኗን ይወጋታል። ቢሆንም አባቷን ቀድማ አናቱ ላይ ስለደረሰች የደከማት ላለመምሰል ቀና አለች። ያን ጊዜ ነው ያየችው።

ከተማው የለም።

ጭሮ ያለችበት ሸለቆ ከዳር እስከ ዳር ጉም ሞልቶበት፣ ዙሪያውን የከበቡት ተራሮች ብቻ አናታቸው ብቅ ብሏል። ቤታቸው፣ ትምህርት ቤቷ፣ መናኸሪያው፣ ሁሉም ከሥር ሰጥመዋል። ድምፃቸው ግን አልሰጠመም። አውራ ዶሮ ይጮኻል። ከቤተ ክርስቲያን የቅዳሴ ዜማ ይሰማል። ጫት ጭኖ የሚጣደፍ አይሱዙ ጥሩንባውን እየነፋ በማይታየው አስፋልት ላይ ያልፋል። ከዚያ ፀሐይዋ ከተራሮቹ ጀርባ ወጣችና ጉሙ ቀላ። አንድ ቦታ ላይ ተቀደደ፤ የአንድ ቤት ቆርቆሮ ብልጭ አለ። ቀጥሎ ሌላ። ቀጥሎ ሌላ። ከተማው አሁን ገና የሚፈጠር ይመስል አንድ በአንድ ቤት እየሆነ ወጣ።

«አባዬ» አለች በሹክሹክታ። ለምን እንደምታንሾካሹክ ራሷም አላወቀችም።

«እያየሁት ነው» አለ አባቷ፣ እሱም በሹክሹክታ።

ተወልዳ ያደገችው እዚሁ ነው፤ ጭሮን ከላይ ስታያት ግን የመጀመሪያዋ ነበር። አባቷም ከደብረ ብርሃን ተመድቦ ከመጣ ዕድሜ ቆጥሯል፤ ከቢሮ ወንበሩ ተነሥቶ እዚህ ድረስ ወጥቶ አያውቅም። ያወጣው ሐኪም ነው። ከፋሲካ በኋላ ማጅራቱን ሕመም እየያዘው ሲያስቸግረው፣ እናቷ ሲስተር ውቢት ወደምትሠራበት ጤና ጣቢያ ጎትታ ወሰደችው። ግፊቱ ከፍ ብሏል፤ ስኳሩም ጠርዝ ላይ ቆሟል። ሐኪሙ «መድኃኒት ከመጀመራችን በፊት አንድ ዕድል እንሞክር። ጠዋት ጠዋት ይራመዱ፤ ቁርስዎን ያስተካክሉ» አለው። የአባቷ አባት በዚሁ በሽታ አንድ ቀን ሳይታሰብ ወድቀው አልተነሡም ነበርና ቤት ውስጥ የሳቀ ሰው አልነበረም።

«ብቻውን ከሄደ ከመታጠፊያው አያልፍም» ብላ እናቷ ገሊላን አብራው እንድትሄድ መደበቻት። ለገሊላም ሳይጠቅማት አይቀርም። በስፖርት ክፍለ ጊዜ ሜዳውን ዙሩ ሲባል ግማሽ ላይ ሳትደርስ መራመድ የምትጀምረው፣ የክፍሏ ልጆች «ገሊላ ነገ የዜና ሰዓት ላይ ትደርሳለች» እያሉ የሚቀልዱባት እሷ ነበረች።

ከዳገቱ ሲወርዱ፣ ቀጭኗ መንገድ አስፋልቱን የምትገናኝበት ቦታ ላይ በኦሮምኛ አዴ፣ ማለትም እናት፣ የሚሏት የጣሂራ ቁርስ ቤት አለ። ሽታው ቀድሞ መጥቶ ተቀበላቸው። አዴ ጣሂራ ዘይት በተቀባ ጠረጴዛ ላይ የፈጢራውን ሊጥ አንሥታ ታሽከረክረዋለች፤ መልሳ ታነጥፈዋለች። ሊጡ እየሳሳ እየሳሳ ሄዶ በስተጀርባው ጣቶቿ ይታያሉ፤ ቅዳድ ግን የለውም። ገሊላ አፏን ከፍታ ቀረች።

«አካም ቡልተን፣ ኦቦ እንዳሻው! እንዴት አደራችሁ! ዛሬ ተራራ ወጣህ?» አለች አዴ ጣሂራ። ኦሮምኛዋን ከአማርኛ ጋር እያዛነቀች፣ ትልቁንም ትንሹንም አንተ ብላ ነው የምትጠራው። «ግቡ፣ ግቡ።»

አባቷ ገሊላን አያት። «ያን ሁሉ ዳገት ወጥተን… ዛሬ ብቻ። የወጣነው ዳገት ያቃጥለዋል።»

ማር የፈሰሰበት ፈጢራ፣ ከሥሩ ስኳር የተኛበት ሻይ። ገሊላ ጣቷን ላሰች። ሲነሡ አባቷ ጎንበስ ብሎ «ለእናትሽ መንገር አያስፈልግም፤ የእኔና የአንቺ ነው» አላት። የእኔና የአንቺ የሚለው ነገር ደስ አላት። ከአባቷ ጋር ለብቻቸው የሆነ ነገር ኖሯቸው አያውቅም ነበር።

ቤት ሲደርሱ እናቷ ነጭ ጋዋኗን ደርባ ቆማ ትጠብቃቸዋለች። ጠረጴዛው ላይ ቅቤ እንደ ነገሩ የነካው የገብስ ቅንጬ፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ ግማሽ ግማሽ አቮካዶ ቀርቧል።

«ብላ እንጂ እንዳሻው። ሁለት ጉርሻ ነው የቀመስከው።»

«ጠገብኩ ውቢት። ሰው ስፖርት ሲሠራ ሆዱ ይጠባል መሰለኝ።»

የእናቷ ፊት በራ። ገሊላ ዓይኗን ከሳህኑ ላይ አላነሣችም።

«ዛሬ ብቻ» በማግሥቱም መጣች። ከዚያም ወዲያ መጣች። ዳገቱ እየቀለላቸው ሄደ፤ ፈጢራውንም እየለመዱት መጡ። የሚገርመው፣ አናቱ ላይ በደረሱ ቁጥር ያዩት ነገር አንድም ቀን አልተደገመም። አንድ ጠዋት ጉም ሳይኖር ቀርቶ በወዲያኛው በኩል አገሩ እየዘቀጠ፣ እየዘቀጠ እስከ አሰቦት ቆላ ድረስ ተዘረጋላቸው፤ አባቷ ቆቡን አወለቀ። እንዲህ ባለው ሰዓት ገሊላ አባቷን ትወደው ነበር። ሲወርዱ ግን ሁለቱም ወሬ ያቆማሉ፤ ወደ አዴ ጣሂራ ቤት የሚገቡት እንደ ተነጋገሩ ሰዎች ሳይሆን እንደ ተደበቁ ሰዎች ነው።

አንድ ቀን አዴ ጣሂራ ገለምሶ ለቅሶ ሄዳ ቁርስ ቤቱ ተዘግቶ አገኙት። ገሊላ የእናቷን ቅንጬ ከነእንቁላሉ ጥርግ አድርጋ በላች። ሌላ ቀን የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ላይ ዓይኗ ይከደን ነበር፤ ያን ቀን አልተከደነም። ስፖርት ላይ ደግሞ ሜዳውን መዞር ጀመረችና ግማሹ አለፈ፤ ጎኗን አልወጋትም። ስትጨርስ ጓደኛዋ ሳብሪና «አንቺ ልጅ፣ ምን በልተሽ ነው?» አለቻት። ገሊላ ሳቀች፤ ቀጥሎ ግን ሳቋ ከፊቷ ላይ ጠፋ።

በዚያው ሳምንት ቅዳሜ አባቷ ሳይበላ ለስኳር ምርመራ ጤና ጣቢያ ሄደ። ገሊላም አብራው ነበረች። ሐኪሙ ውጤቱን ለእናቷ አሳይቷት ወደ ሌላ ታካሚ ሄደ። እናቷ ወረቀቱን ደጋግማ አየችው።

«ስኳሩ አልወረደም። እንዲያውም ጨምሯል» አለች። «በየቀኑ ትራመዳለህ። ቁርሱን የምሠራው እኔ ነኝ። ምን ላይ ነው ያጠፋሁት?»

አባቷ የሸሚዙን ቁልፍ ይነካካል። ገሊላ የምትይዘው ነገር ጠፍቷት ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠውን የልብ ማዳመጫ አነሣች። «እማዬ፣ ልሞክረው?»

እናቷ ሐሳቧ ሌላ ቦታ እንደሆነ፣ ጆሮዋ ላይ አስተካከለችላትና ሌላውን ጫፍ የአባቷ ደረት ላይ አኖረችው። «ዝም በይና ስሚ።»

መጀመሪያ ምንም አልነበረም። ከዚያ መጣ። በተዘጋ ቤት ውስጥ ሰው ወዲያ ወዲህ እንደሚመላለስ ያለ፣ ከባድና ያልቸኮለ ድምፅ። የገሊላ እጅ ባለበት ቀረ። አባቷ ፊት ለፊቷ ተቀምጦ ዓይኑን ያርገበግባል፤ ከውስጡ ግን ሌላ ሰው ያለ መሰላት፤ የማይናገር፣ የማይቀመጥ፣ ሥራ ላይ ያለ ሰው።

«መቼ ነው የሚያርፈው?» አለች።

«አያርፍም» አለች እናቷ።

«ሲተኛስ?»

«ሲተኛ ቀስ ይላል እንጂ አይቆምም። እናቱ ሆድ ውስጥ ሳለ የጀመረው ነው።»

ገሊላ አሰበችው። አባቷ ደብረ ብርሃን ውስጥ ሕፃን ሳለ። ደብተር ይዞ ትምህርት ቤት ሲሄድ። እናቷን ሳያውቃት በፊት፣ እሷ ራሷ ሳትኖር በፊት። ያን ሁሉ ጊዜ ይሄ ነገር ማንም ሳያየው፣ ማንም ሳያመሰግነው እዚህ ውስጥ ነበረ። እነሱ ፈጢራ ላይ ማር ሲያፈሱም እዚሁ ነበረ። ማዳመጫውን ወደ ራሷ ደረት መለሰችው። የእሷ ፈጠን ያለና ቀለል ያለ ነው፤ እሱም የራሱን መንገድ ይዞ ይሄዳል። ደረቷ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ተሸክማ ሜዳ ላይ ሲቀለድባት እንደኖረች አላወቀችም ነበር።

«ምን ይላል?» አለ አባቷ ፈገግ ለማለት እየሞከረ።

ማዳመጫውን ከጆሮዋ አወለቀች። ዓይን ለዓይን ተያዩና ፈገግታው ቀረ።

በማግሥቱ እሑድ አናቱ ላይ ሲደርሱ ከተማው ጥርት ብሎ ይታይ ነበር። ገሊላ ወደ ከተማው እያየች ተናገረች። አባቷን እያየች መናገር አልቻለችም።

«አባዬ፣ ለእማዬ ልነግራት ነው።»

ነፋሱ ሣሩን አስተኝቶ አለፈ።

«ራሷን እየወቀሰች ነው። ምን አጠፋሁ ስትል ሰምተሃታል። እኔ ዛሬም ጠረጴዛው ላይ ፊቷ ቁጭ ማለት አልችልም።»

አባቷ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ገሊላ ይቆጣል ብላ ጠብቃ ነበር። እሱ ግን መዳፉን ደረቱ ላይ አደረገ። «ትላንት ያየሽኝ አስተያየት…» ብሎ ጀመረና ተወው። «አንቺ አትንገሪያት። እስከ ቁርስ ድረስ ታገሺኝ።»

ያን ቀን የአዴ ጣሂራን ቤት ሰላምታ ሰጥተው አለፉት።

ቤት ሲገቡ አባቷ ጫማውን ሳያወልቅ «ውቢት፣ አንዴ ቁጭ በይ» አለ። ከዚያ ነገራት። ነገሩን አላሳጠረውም፤ ገሊላንም ምክንያት አላደረጋትም። እናቷ ሳታቋርጠው ሰማችው።

«ማርም ነበረው?» አለች በመጨረሻ።

«ነበረው።»

«አንቺስ?»

«እኔም በልቻለሁ፣ እማዬ።»

እናቷ አልጮኸችም። ብትጮኽ ይሻል ነበር። የቅንጬውን ድስት ከደነችው። «ጎህ ሳይቀድ እየተነሣሁ የምሠራው ለማን ነበር?» አለች፤ መልስ የሚጠብቅ ሰው ጥያቄ አልነበረም። ጋዋኗን አንሥታ እስከ ነገ ጠዋት ተረኛ ወደሆነችበት ሥራዋ ወጣች። ገሊላ ደጅ ድረስ ስትከተላት አንድ ነገር ታያት። ጠረጴዛው ላይ የሚቀርበው ሳህን ሁልጊዜ ሁለት ብቻ ነበር። እናቷ ቁርስ ስትበላ አንድም ቀን አይታት አታውቅም።

ሰኞ ጠዋት ገሊላ ስትነቃ ቤቱ ጸጥ ብሏል። እናቷ ከአዳር ተረኝነት ገና መመለሷ ነበር፤ ጋቢ ተከናንባ ተኝታለች። ማድ ቤቱ ቀዝቅዟል፤ ምድጃው ላይ ምንም የለም። አባቷ በር ላይ ጫማውን እያሰረ ነው።

«ተነሥተሻል? በይ ፍጠኚ።»

ገሊላ ወደ ማድ ቤቱ አየች፤ ወደ አባቷም አየች።

«ዛሬ ብቻህን ውጣ፣ አባዬ።»

አባቷ የጫማውን ማሰሪያ እንደያዘ ቀረ። እሷ ሳትኖር በአዴ ጣሂራ በር ወጥቶ በአዴ ጣሂራ በር እንደሚመለስ ሁለቱም ያውቃሉ። ማንም አያየውም። የሚጠይቀውም የለም።

«ብቻዬን?»

«እኔ ሥራ አለኝ።»

ራሱን ነቀነቀና ወጣ።

ገሊላ ቅንጬ ብቻዋን ሠርታ አታውቅም። ክኩን አጠበች፤ ውሃውን ጣደች፤ ጨው ልትጨምር ስትል ከጣቷ ላይ ቀነሰች። ድስቱ መንተክተክ ሲጀምር እሳቱን ዝቅ አድርጋ ወደ ግቢው ወጣች። ከግቢያቸው ዳገቱ ይታያል። ስታየው የኖረችው ዳገት ነው፤ ዛሬ ግን በመሐሉ አንድ ትንሽ ነገር ይንቀሳቀሳል። ፍየል ትመስላለች። ቆመች። ገሊላም ትንፋሿን ያዘች። ከዚያ ትንሿ ነገር እንደገና ጀመረች፤ ያለ ችኮላ፣ በዚያ ሁሉ ተራራ ላይ ብቻዋን፣ ወደ ላይ። ያን ያህል ትንሽ ሆኖ ያን ያህል የሚወጣ ነገር አይታ የምታውቅ አልመሰላትም። አናቱ ላይ ሲደርስ ፀሐይዋ አገኘችውና ቀጥ ብሎ የቆመ ሰው፣ አባቷ፣ ሆኖ ታየ።

ሲወርድ በየት በኩል እንደሚመለስ ከግቢው ሆና ማየት ትችል ነበር። አጥሩን ይዛ ትንሽ ቆመች።

ከዚያ ጀርባዋን ሰጥታ ወደ ማድ ቤት ገባች። ድስቱን አማሰለች፤ ከመደርደሪያው ሳህን አወረደች፤ ሦስት።