የእንዳላማው ሰባ ኪሎ

እንዳላማው አማኑኤል ከተማ እህል ይነግዳል። በሚዛኑ አንድ ግራም ጤፍ አጉድሎ አያውቅም። እንዲህ ያለ ሰው በገዛ ኪሎው ዋሸ ቢባል ማን ያምናል?

ከጆንያ ክምር ላይ ወድቆ ክንዱ ተሰበረና ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ለቀዶ ጥገና ተኛ። ክንዱን ብቻ የምታደነዝዘው ባለሙያ አይናለም ትባላለች። ዓይኑ እንዳረፈባት አለቀለት።

«ኪሎህ ስንት ነው?»

«ሰባ» አላት፣ ደረቱን ከጋቢው ሥር እየነፋ።

እውነቱ ሃምሳ ሁለት ነው። ግን እንዲህ ያለች ልጅ ፊት ሃምሳ ሁለት እንዴት ይባላል?

ጋቢውን አስወልቃ የማደንዘዣውን መርፌ ወጋችው። ከዚያ ወንበር ስባ አጠገቡ ተቀመጠች።

«መድኃኒቱ የሚለካው በኪሎ ነው» አለችው። «ከልክ አልፎ ደም ውስጥ ከበዛ ልብ ድረስ ይጎዳል። ጆሮህ ከጮኸ፣ ምላስህ ከደነዘዘ፣ አፍህ ብረት ብረት ካለህ ቶሎ ንገረኝ።»

እንዳላማውን ላብ አጠመቀው። ወዲያው ጆሮው ጮኸ። ምላሱም የከበደው መሰለው። ቢናገር መሳቂያ ሊሆን ነው፤ ዝም ቢል ሊሞት ነው። ከሞተ ደግሞ ሌላ ያገባታል። ይኼኛው ባሰበት።

«ሲስተር...»

«አቤት?»

«ጤፍ ስመዝን እግዜርን እፈራለሁ። አንቺን ሳይ ግን... አሥራ ስምንት ኪሎ ጨመርኩ።»

አይናለም ከንፈሯን ነከሰች፤ ሳቋ ግን አመለጣት።

«ጋቢህ ሲወልቅ አይቼህ የለም እንዴ? የሰጠሁህ የሃምሳ ኪሎ ነው። እዚህ አልጋ ላይ የሚተኛ ወንድ ሁሉ ሰባ ነው።»

«ታዲያ ጆሮዬ ምን ሆኖ ጮኸ?»

«ፍርሃት ነው።»

«ልቤስ?»

የልቡን ምት የሚያሳየውን ስክሪን አየች። ይሮጣል።

«ይኼም ፍርሃት ነው።»

«አይደለም። ይኼ ከመርፌው በፊት የጀመረ ነው፤ አንቺ በበሩ ስትገቢ።»

ጉንጯ ቀላ። ክንዱ ሲጠገን ራስጌው ነበረች፤ ይኼ ሥራዋ ነው። ተረኛነቷን አስረክባ ተመልሳ መምጣቷ ግን ሥራዋ አልነበረም።

ክንዱ እንደዳነ ሽማግሌ ላከ። አባቷ ልጃቸውን ለብቻ ጠርተው ጠየቋት።

«ሰውዬው እውነተኛ ነው?»

«አንድ ጊዜ ዋሽቶኛል፣ አባባ። ሊሞት የመሰለው ለት ግን ተናዘዘ።»



«እኔ እናትሽን ሳገባ ስለ በሬዎቼ ቁጥር የነገርኳትን እስከዛሬ አልተናዘዝኩም» አሉ። «ከእኔ ይሻላል፤ አግቢው።»