የትርሲት መሐላና የጥጤ ሽሮፕ

ልጆች፣ ጠጋ በሉ። ቀስ ብዬ ነው የምነግራችሁ፤ ትርሲት ከሰማች ታፍራለች።

ትርሲት ነጭ ድመት አለቻት። ስሟ ጥጤ ነው።

አንድ ሰሞን ጥጤ ምግብ እንቢ አለች። ዓይኗ ቢጫ ሆነ፣ የጆሮዋም ውስጥ ቢጫ ሆነ። «ሚያው…» አለች፣ በቀጭኑ።

አባባ ወደ እንስሳት ሐኪሟ ወደ ዶክተር ምንትዋብ ወሰዳት። እሳቸውም ጉበቷና ሐሞት ከረጢቷ ውስጥ ፈንገስ ገብቷል አሉ፤ ዳቦ ላይ እንደሚወጣው ሻጋታ ያለ ነገር ነው።

ሽሮፕም ሰጡ። ጠዋትና ማታ፣ አንድም ቀን ሳይዘለል።

«እኔ እሰጣታለሁ» አለች ትርሲት፣ ደረቷን ነፍታ።

ሽሮፑ ግን ይመራል። ጥጤ «ፍፍፍ!» ብላ ትርሲትን ቧጨረቻት።

ትርሲት ፈራች። ሽሮፑን አበባው ሥር ደፋችው። ጠብ!

አባባ ሰጠሻት ወይ ሲላት፣ «ጥጤ ትሙት፣ ሰጥቻታለሁ» አለች። ወይ ጉድ፣ በምትወዳት ድመት ማለች! ከዚያ አንገቷን ደፋች።

በማግስቱም ጠብ! ደግሞ ማለች። ደግሞ አንገቷን ደፋች።

በሦስተኛው ቀን ጥጤ ከምትተኛበት ካርቶን አልተነሳችም። ትርሲት አጠገቧ ተንበረከከች። መሐላዬ ሊገድላት ነው ብላ አሰበች።

ፊቷን በቀሚሷ ሸፈነች። አፈረች፤ በጣም፣ በጣም አፈረች። ለማንም መናገር አልፈለገችም።

ጥጤ ግን «ሚያው…» አለች።

«አባባ፣ ዋሽቻለሁ» አለች ትርሲት፣ መሬት መሬት እያየች። «ሽሮፑን ደፍቼዋለሁ።»

አባባ ጥጤን አቅፎ፣ የትርሲትን እጅ ይዞ፣ ሐኪሟ ዘንድ ሄደ።

«መሐላሽ አይደለም ያሳመማት፤ ሽሮፑን አለመጠጣቷ ነው» አሏት ዶክተር ምንትዋብ። «ደግነቱ ቶሎ ተናገርሽ። አሁንም ልትድን ትችላለች።»

አያያዙንም አሳዩአት። ጥጤን በፎጣ ጥቅልል! ሽሮፑን በጉንጯ በኩል ጠብ!

ከዚያ ወዲያ ጠዋትም ጥቅልል፣ ጠብ! ማታም ጥቅልል፣ ጠብ! አባባ አጠገቧ ቆሞ ያያል። ሲያያት ታፍራለች፤ ግን ትሰጣለች።

ብዙ፣ ብዙ ቀን አለፈ። የጥጤ ዓይን ጠራ። ሳህኗንም ልፕ ልፕ አድርጋ ላሰች።

አንድ ማታ ትርሲት ፎጣውን ይዛ አባባን ጠበቀችው። አባባ ግን ከወንበሩ አልተነሳም።

«አባባ፣ መጥተህ አታየኝም?»

«ምን አስነሳኝ? አምንሻለሁ እኮ» አላት።

ትርሲት ጉያው ውስጥ ገብታ አለቀሰች። ከዚያ እንባዋን ጠርጋ ለጥጤ ሽሮፑን ልትሰጣት ሄደች፣ ብቻዋን።