የማዕረግ ግንድ

በሐራኔ መንግሥት የብርሃን ዕንቁ የተሰረቀው በጠራራ ፀሐይ፣ በዓመቱ ታላቅ በዓል፣ አገር ሙሉ ቆሞ እየዘመረ ነው። ወይ ጉድ! ሌባ ጨለማ ይፈልጋል ያለው ማን ነው?

ነገሩ እንዲህ ነው። የሐራኔ ሰዎች ወደ እግዚአብሔር ቤት ሲገቡ ማዕረጋቸውን ደጅ ትተው ነው። ከበሩ አጠገብ አንድ ያረጀ የወይራ ግንድ አለ፤ ንጉሡ ዘውዱን፣ ባላባቱ ካባውን፣ ጦረኛው ጦሩን እዚያ ያኖራል። በልዑል ፊት ትልቅና ትንሽ የለም ሲሉ አባቶች የሠሩት ሥርዓት ነው። ሥርዓቱስ መልካም ነበር፤ ግን ሰው ሰው ነውና አፉ ወደ መንበሩ እየዘመረ ዓይኑ ወደ ግንዱ ዞረ። ዘውዴን ማን ነካው? ጦሬን ማን ወሰደው? ሁሉም ወደ ኋላ ሲያይ፣ በመንበሩ ላይ ያበራ የነበረው ዕንቁ ከፊታቸው ተነሥቶ ሄደ። ያየ አንድም ሰው አልነበረም።

በማግስቱ ከቤተ መቅደሱ ሥር የሚፈልቀው ምንጭ መድረቅ ጀመረ። አገሩ ደግሞ ሌላ ውኃ የለውም። ንጉሥ ወናግ አዋጅ አስነገረ፦ «ዕንቁውን የሰረቀው የጥቁር ገደል ዘንዶ፣ ሙርጋድ ነው! የሚያስመልስልን ጀግና ማን ነው?»

ሕዝቡ አንገቱን ደፋ። መርዕድ የሚባል ወጣት ጦረኛ ብቻ ወደ ፊት ወጣ። በዚያ ቀን እርሱም ወደ ኋላ ሲያይ ነበር፤ ንጉሡ የሸለመውን አዲስ ጦር ሲጠብቅ። ይህ ነገር እንቅልፍ ነሥቶት ነበር።

«ዕንቁውን ወደ መንበሩ ሳልመልስ ብቀር፣ የእናቴ ጡት እርም ይሁንብኝ!» ሲል ማለ።

«እኔም አለሁ!» አለ ናሁሠናይ። ናሁሠናይ እናቱ በወሊድ የሞተችበት ልጅ ነው፤ የመርዕድ እናት ናት ሁለቱንም ከአንድ ጡት አጥብታ ያሳደገቻቸው። «ወንድሜ በሞተበት እሞታለሁ። ይህን ባላደርግ ምድር ትክዳኝ!»

ስንቃቸውን በአንዲት በቅሎ ጭነው፣ ምድረ በዳውን አቋርጠው ጥቁር ገደል ደረሱ። ናሁሠናይ ከበቅሎዋ ጋር አፋፉ ላይ ቀረ፤ መርዕድ ጦሩን ይዞ ወደ ዘንዶው ጉድጓድ ወረደ። ሙርጋድ ዕንቁውን በሰውነቱ ጠምጥሞት ተኝቶ ነበር።

«ሌባ ልትገድል መጥተህ ከሆነ ተሳስተሃል» አለ ዘንዶው፤ ድምፁ ገደሉን አናጋው። «እኔ አልሰረቅሁም፤ ተሰጠኝ። ንጉሥህ ዙፋኑ እንዳይነቃነቅ በዚህ ከእኔ ጋር ተዋውሏል። ከመንበሩ አንሥቶ ያመጣልኝን ደግሞ፣ አፋፉ ላይ ያቆምከውን ጠይቀው!»

መርዕድ ቀና አለ። «ናሁ! ውሸት ነው በለው እንጂ!»

ናሁሠናይ የበቅሎዋን ልጓም ያዘ። «ንጉሡ የጦር አዛዥ አደርግሃለሁ አለኝ... አዋጁ ለይምሰል ነበር፤ አንተ ትመጣለህ ብዬ መች አሰብሁ? ወንድሜ፣ ይቅር በለኝ» አለና በቅሎዋን ኮርኩሮ ጠፋ።

ዘንዶው ሳይነካው የመርዕድ አንጀት ተቆረጠ። አብሮት የጠባ፣ አብሮት የጎረሰ ሰው! ሙርጋድ አፉን ከፍቶ ሲስቅበት፣ በዚያ በተከፈተ አፍ ጦሩን እስከ እንጨት እጀታው ሰደደው። አውሬው እየተንፈራገጠ የመርዕድን ጎን በጥርሱ ቀደደው፤ ከዚያ ጸጥ አለ። መርዕድ ዕንቁውን በጉያው ሸጉጦ፣ ጦሩን ተመርኩዞ፣ በእግሩ ተመለሰ።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባል የለ? አገር ቤት ሲደርስ ስሙ ቀድሞት ጠፍቶ ነበር። ናሁሠናይ የአዛዥ ካባ ደርቦ ከንጉሡ ጎን ቆሟል። «ሌባው ያውና! ዕንቁው በጉያው ነው!» ሲል ጮኸ። ሕዝቡ ድንጋይ አነሣ። እናቱ ሳትቀር ፊቷን አዞረችበት።

ንጉሡ ወደ መርዕድ ጆሮ ጠጋ አለ። «ዕንቁውን ስጠኝ፤ ዘውዴ ላይ ላኑረው። ስምህን አነጻልሃለሁ። እምቢ ካልህ ሌባ እንደተባልህ ትሞታለህ።»

መርዕድ የሚናገረው ሞልቶት ነበር። ግን ምንጩን አየ፤ ጠብታ ብቻ ቀርቶታል።

«ንጉሥ ሆይ፣ መጀመሪያ የልዑል መንግሥት፤ የኔ ነገር ይደርሳል» አለ። ጦሩን ግንዱ ላይ አስደገፈ። ከዚያም ባዶ እጁን በግንዱ ላይ አኖረና «ስሜንም እዚሁ ትቼዋለሁ» ብሎ ገባ።

ከኋላው ኮቴ ሰማ። ከልጅነቱ የሚያውቀው አረማመድ ነበር። አንገቱ ዙር ዙር አለው፤ አልዞረም። ዕንቁውን መንበሩ ላይ ሲያኖር፣ ግንዱ ላይ ትቶት የገባው የገዛ ጦሩ በትከሻዎቹ መካከል ገባ።

ብርሃኑ ቤቱን ሞላው፤ ውኃው ከሥር ተንዶለዶለ። በዚያ ብርሃን ናሁሠናይ የገዛ እጁን አየና ተንበረከከ። «እኔ ነኝ የሰረቅሁት! ንጉሡ ነው ያዘዘኝ!» ብሎ አለቀሰ። ንጉሡ ከደጅ «ያዙት!» እያለ ጮኸ፤ ዞሮ ያየው ግን ማንም አልነበረም።

«ናሁ» አለ መርዕድ በመጨረሻ ትንፋሹ፣ «እናታችንን አደራ።»

ወናግ ከነዘውዱ ተሰደደ። የመርዕድ ጦር ዛሬም ግንዱ ላይ አለ፤ የሚጠብቀውም የሚነካውም የለም። በየበዓሉ ናሁሠናይ እናቱን ደግፎ እስከ ግንዱ ያደርሳታል። እርሱ አይገባም። እርሷም ወደ ኋላ አታይም።