አሥራ አንድ ዓመት በቤተ ሙከራ

ፕሮፌሰር ሲግቢዮርን ሃውገ የካንሰር ሕዋሳት በሚቀመጡበት ቀዝቃዛ ክፍል በግንባራቸው ተደፍተው ሞተው ተገኙ። የፈሳሽ ናይትሮጅኑ ቧንቧ ተከፍቷል፤ የማስጠንቀቂያው ደወል ከግድግዳው ተነቅሏል፤ በሩ ከውጭ ተቆልፏል። ናይትሮጅን ሽታ የለውም። አየሩን ገፍቶ ያስወጣና ሰውን ሳይሰማው ይጨርሰዋል።

መርማሪ ራግኒል ሙ ቁጭ ማለት አይሆንላትም። ከመስኮት ወደ በር፣ ከበር ወደ መስኮት ትመላለሳለች። የበርገን ከተማ ዝናብ ሳይሆን የአለቃዋ ትእዛዝ ነው ያቁነጠነጣት፤ እስከ ቀትር የቤተ ሙከራ ባለሙያዋን ጉድሩንን እንድታስር ተነግሯታል። ጧት ናይትሮጅን ስትሞላ የታየችው እሷ ናት።

«ሠላሳ ዓመት ሞልቼዋለሁ» አለች ጉድሩን ዓይኗ ቀልቶ። «ሲግቢዮርንን እንደ ወንድሜ ነበር የማየው። እኔ ልገድለው?»

«ቁልፍ ያለው ማን ነው?»

«እኔ፣ ዳይሬክተሯ ቦርግሂልድና ዶክተር ታንገን። በቃ።»

ቦርግሂልድ ጧቱን ሙሉ ስብሰባ ላይ እንደነበረች አሥራ ሁለት ሰዎች መሰከሩላት። የምርምር ክፍሉን ሊረከብ የታጨው ኢቫር ታንገን ግን ቢሮው ውስጥ ብቻውን ነበር። የሥራ ታሪኩን ግድግዳ ላይ ሰቅሎታል፤ የካንሰር ሐኪምና ተመራማሪ፣ አሥራ አንድ ዓመት በቤተ ሙከራ።

«ጧት ምን ትሠራ ነበር?»

«ከበረዶ ያወጣሁትን ሕዋስ ሳቀልጥ። ሕይወት ያለው ነገር እኮ አይቸኮልበትም! እንዳይጎዳ ማቀዝቀዣ ውስጥ አድርጌ ሁለት ሰዓት ሙሉ አጠገቡ ቁጭ አልኩ።»

«እኔ ሁለት ደቂቃም አልቀመጥ።»

«ለዚህ ነዋ ፖሊስ የሆንሽው» ብሎ ሳቀባት።

ራግኒል ጉድሩንን አንድ ነገር ጠየቀቻት፤ ቀጥላም አንድ ስልክ ደወለች። ከዚያ ሦስቱንም ሰበሰበቻቸው።

«ጉድሩን፣ ቅድም የነገርሽኝን ድገሚላቸው።»

«ስታቀዘቅዝ ቀስ፣ ስታቀልጥ ፈጠን ነው። ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ሁለት ደቂቃ። ከዘገየ፣ በረዶው እንዳይጎዳው የጨመርንበት ፈሳሽ ራሱ ይመርዘዋል። ትናንት የገባ ተማሪም ይህን ያውቃል።»

ራግኒል መመላለሷን አቆመች። «ስለዚህ ሁለት ሰዓቱ ውሸት ነው፤ ሕዋስ አቅልጦ የማያውቅ ሰው ብቻ የሚዋሸው ውሸት። አሥራ አንዱ ዓመትስ? ሠራሁ ያልክበት ቦታ ደወልኩ። የሚያውቅህ የለም። ፕሮፌሰሩም ለሹመትህ ደብዳቤ ከመጻፋቸው በፊት፣ ትናንት እዚያው ደውለው ይህንኑ ሰምተዋል። ዛሬ ሲጠይቁህ፣ ጉድሩን ሞልታ እስክትወጣ ጠብቀህ፣ ሕዋሶቼን ላሳይዎት ብለህ ቀዝቃዛው ክፍል አስገባሃቸው። ቧንቧውን ከፍተህ ቆለፍክባቸው።»

ታንገን አንገቱን ደፋ። «ታማሚዎቼ ይወዱኛል» አለ ድምፁ ተሰብሮ። «ያን ሊያሳጣኝ ነበር።»

ቦርግሂልድ እፎይ ብላ ጉድሩንን ልታቅፍ ተጠጋች። ጉድሩን ግን ገፋቻት።

«መድኃኒቱ! ታማሚዎቹ ላይ የምንሞክረውን የአዲሱን መድኃኒት መጠን የወሰነው እሱ አይደለም እንዴ? አሁን ስንት ሰው ላይ ነው የተሰካው?»

«አሥራ አራት» አለች ቦርግሂልድ፤ ፊቷ አመድ መሰለ።

ጉድሩን በስድሳ ሦስት ዓመቷ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለች ወደ ታማሚዎቹ ክፍል ሮጠች፤ ራግኒል ከኋላዋ። የመጀመሪያው አልጋ ላይ ያሉት ሽማግሌ ጉድሩን ክንዳቸው ላይ ያለውን የመድኃኒት ቱቦ ስትዘጋ ባዩ ጊዜ ደነገጡ።

«ምነው ልጄ፣ ለምን ትዘጊብኛለሽ? ዶክተር ታንገን እኮ እያዳነኝ ነው።»