ወደ አምባሰል የዞረው አንቴና

የሙነወርን ድምፅ መጀመሪያ የሰማሁት ከቴሌቪዥናችን ውስጥ ነው።

ለውጡ በመጣ በዓመቱ ነው። ከእናቴ ጋር የቱርክ ድራማ እያየን፣ ባልየው ሚስቱን ሊታረቅ አፉን ሲከፍት፣ የወጣው ድምፅ የከተማችን የሐይቅ ልጅ እንግሊዝኛ ሆነ። «ሄሎ፣ ሄሎ፣ ከኢትዮጵያ ነኝ፣ ይሰማል?»

እናቴ «አዑዙ ቢላህ!» ብላ ሪሞቱን ጣለች። እኔ ጨርቄን ማቄን ሳልል ጎረቤት ግቢ ገባሁ። አዲሱ ተከራይ፣ የፊዚክስ አስተማሪው ሙነወር፣ ማዳመጫ ጆሮው ላይ ደፍቶ ከመነጋገሪያ ሬዲዮ ፊት ተቀምጧል።

«አንተ! ከቴሌቪዥናችን ውጣልን!»

ማዳመጫውን አወለቀና አየኝ። ዓይኑን ቶሎ አልነቀለም። እኔም አልነቀልኩም፤ ልቆጣ መጥቼ ቁጣው ጠፋኝ።

«ከስዊድን ጋር እየተነጋገርኩ ነበር» አለ በመጨረሻ። «አፉ በይኝ።»

«እኔስ አፉ ብያለሁ፤ እናቴን ግን ራስህ መጥተህ ለምናት።»

መጥቶ ለመናት። ቴሌቪዥኑንም አስተካከለ። ከዚያ በኋላ ሳይበላሽም ይመጣ ጀመር።

አንቴናው ረጅም የባሕር ዛፍ ምሰሶ ላይ ነው የተሰቀለው። የአሉሚኒየም ቱቦዎች ተደርድረውበት ተበልቶ ያለቀ ዓሣ ይመስላል። የሚዞረው ከታች በገመድ ነው።

«አገሩ የት እንዳለ በምን ታውቃለህ?» አልኩት።

«መካ ከሐይቅ ቀጥ ብላ በሰሜን ናት። መስጊዱ ወደ እሷ ዞሮ ቂብላውን ይዞልኛል፤ እኔ ከእሱ እነሳለሁ። ከቂብላ ትንሽ ወደ ግራ ካልኩ አውሮፓ፣ ወደ ቀኝ ብዙ ካልኩ ጃፓን፣ ጀርባዬን ለቂብላ ስሰጥ ኬንያ።»

ይህን ባያስተምረኝ ይሻለው ነበር። ከዚያ ወዲያ ከስፌት መኪናዬ ቀና ባልኩ ቁጥር አንቴናው ወዴት እንደዞረ ሳላይ አላጎነብስም።

በ2013 ክረምት ሽማግሌ ሊልክ ተስማማን። ጦርነቱ ወልድያ ደርሷል፤ ሐይቅ በተፈናቃይ ተሞልታለች። በዚያው ሰሞን አንቴናው ከአስር ሰላት በኋላ፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ ሁልጊዜ ከቂብላ ትንሽ ወደ ግራ፣ ወደ አምባሰል ተራራ መዞር ጀመረ። በዚያ በኩል ውጫሌ አለች። ውጫሌ ደግሞ አሪፋ አለች። አሪፋ ቀድሞ የታጨችለት ናት። ለምን እንደተለያዩ ስጠይቀው «አልሆነም» ብቻ ነው ያለኝ። ወንድ «አልሆነም» ሲል ገና ይሆናል ብሎ ነው።

አውሮፓም በዚያው ነው ትሉኝ ይሆናል። በየቀኑ እንዲህ የሚያስቅ አውሮፓ ምን አለ? ሳቁ አጥር ዘሎ ይመጣብኛል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ!

አንድ ቀን ሳቁ ሲበዛብኝ ሄጄ ገመዱን ፈታሁና አንቴናውን በተቃራኒው ወደ አርዲቦ ሐይቅ አዞርኩት። ሙነወር ሮጦ ወጣ።

«ኑርዬ፣ ምን ሆነሻል?»

«አሪፋ ደህና ናት?»

መጀመሪያ አልገባውም። ሲገባው ሳቀ፤ ባይስቅ ይሻለው ነበር።

«ውጫሌን በዚህ? ይህ ሞገድ ሰማይ ደርሶ ነው ሩቅ አገር የሚወርደው። አምባሰልንም ውጫሌንም ዘሎ ያልፋል። ቅርብ ያለ ሰው አይሰማውም፣ ወላሂ!»

«የእኛ ቴሌቪዥን ሰምቶት የለ?»

«እናንተማ አጥር ለአጥር ናችሁ። ከዚያ አለፍ ያለውን ግን ይዘለዋል።»

«ቅርብ ያለ ሰው መዝለል ልማድህ ነው» አልኩት። «ከስዊድን ጋር ስትስቅ ትውላለህ፤ እኔ ዘንድ ስትመጣ ደክሞህ ነው።»

ሳቁ ጠፋ። ዓይኑን ሰብሮ ገመዱን መልሶ ማሰር ጀመረ። ይህንን እንደ ጥፋተኛ የእምነት ቃል ቆጠርኩበት።

ሽማግሌዎቹ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ መጡ። አባቴ አብደላ አዲስ ሽርጡን አገልድሞ ጠብቋቸዋል። «ልጅቱስ ምን ትላለች?» ሲባል ከጓዳ ሆኜ «አልፈልግም» አልኩ። ወይ ነዶ! አባቴ አንድ ጊዜ ደግሞ ቢጠይቀኝ ኖሮ እሺ እል ነበር። አልጠየቀኝም።

ጥቅምት ላይ ጦርነቱ ሲቃረብ ሙነወር አንቴናውን አወረደ፤ ያየው ሁሉ «ለማን ነው ወሬ የምታቀብለው?» ይለዋልና። እኛ በጭነት መኪና ልንወጣ ተሰናዳን። እሱ መራመድ የማይችሉትን እናቱን ይዞ ቀረ። መኪናው ሊነሳ ሲል መጣ።

«የት ልትሄዱ ነው?»

«ደብረ ብርሃን፣ አክስቴ ዘንድ።»

መስጊዱን አየና ፊቱን ወደ ደቡብ መለሰ። «አብሽሪ» አለኝ። መኪናው ተነሳ።

ደብረ ብርሃን ሆኜ ስልክ የለ፣ ወሬ የለ። ሰው ሞትን ሲፈራ እኔ አሪፋንም ፈራሁ። ከውጫሌ ሸሽታ ሐይቅ ብትገባስ? እሱ ቤት ብታርፍስ? ይሙት ይኑር ሳላውቅ እቀናበታለሁ፤ ደግሞ ቆይቼ፣ በሕይወት ይኑር እንጂ ከማንም ጋር ይሁን እያልኩ አለቅሳለሁ።

ታኅሣሥ ላይ ተመለስን። ከመኪና ወርጄ ቀና ስል አንቴናው ተሰቅሏል። ዓይኔ በልማዱ ወደ አምባሰል ሮጠ። አንቴናው ግን ጀርባውን ለቂብላ ሰጥቷል። ፊቱ ወደ ደሴ፣ ወደ ከምሴ፣ ወደ ደብረ ብርሃን ነው።

ሙነወር ከስቶ፣ ጢሙ አድጎ በሩ ላይ ቆሟል።

«መጣሽ?»

«ከኬንያ ጋር ጀመርክ እንዴ?»

«ሬዲዮው ተዘርፏል።»

«ታዲያ ይህ ምን ይሠራል?»

«ምንም።» ገመዱን ነካ አደረገ። «ነፋሱ ያዞረዋል፣ እኔ እመልሰዋለሁ።»

«ደብረ ብርሃን ቅርብ ናት። ሬዲዮ ቢኖርህም ይዘላት ነበር።»

«አውቃለሁ።»

ገባኝ። ቢሆንም ሳልጠይቀው አላልፍም። «አሪፋስ?»

«ወደ አገሯ ስትመለስ እዚህ አርፋ ነበር።»

አንድ እርምጃ ቀረብኩት። «እና?»

«አንቴናው ወዴት ነው የዞረው አለችኝ።»

«ምን አልካት?»

«ስምሽን ነገርኳት።»

እሱ ገመዱን እንደያዘ ነበር፤ እጄን ከእጁ አጠገብ አኖርኩ።

«ዓርብ ሽማግሌ ላክ» አልኩት። «አሁን ከጓዳ አልመልስም። ራሴ ወጥቼ እናገራለሁ።»

ዛሬ ሌላ ሬዲዮ አለው። ከአስር ሰላት በኋላ ገመዱን ይዤ አንቴናውን ወደ አምባሰል የማዞረው እኔ ነኝ። ማዳመጫም ሁለት ገዝተናል። ጠርጥሬው አይደለም፤ ስዊድኖቹን ሰላም ልበላቸው ብዬ ነው።